ጓሮው ሲለመልም ማሳው ለምን ቀጨጨ?

ከጅማ ዞን፣ ከቀርሳ ወረዳ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦ «በቆሎዬ ጉልበት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቅጠሉም ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ማዳበሪያ አልነፈግሁትም፤ እንዲያውም ከአምናው ጨምሬ ነው የሰጠሁት። ጓሮ ያለው ደህና ነው። ባቄላማ ከተውሁ ቆየሁ። ዘሩ ተበላሽቶ ይሆን?»

አባቴ፣ «ጓሮ ያለው ደህና ነው» ያሏት አጭር ቃል ከሌላው ሁሉ ይልቅ ብዙ ነግራኛለች። ጥፋቱ የዘሩ ቢሆን ኖሮ ጓሮውም ባልማረዎት ነበር። አገዳ ቆርቁር ቢሆን ደግሞ የተበሳ ቅጠልና የተቦረቦረ አገዳ አይተው ይጽፉልኝ ነበር። ጓሮዎ ለዓመታት የምድጃ አመድ፣ የከብት ፍግና የቤት ጥራጊ ሲደፋበት ኖሯል፤ ማሳው ግን ምርቱም አገዳውም በየዓመቱ እየተነሣበት፣ በምትኩ ማዳበሪያ ብቻ ሲሰጠው ቆይቷል። ኮምጣጣ አፈር የማይስማማው ባቄላ መተውዎ ሲጨመርበት፣ ማሳዎ ኮምጥጧል፣ ማለትም አሲዳማ ሆኗል ብዬ እገምታለሁ። ታኅሣሥ ላይ ስለሆንን ጉቶው ገና ከመሬት አልወጣም ይሆናል፤ ሦስት አራቱን በዶማ ነቅለው አፈሩን ያራግፉና ሥሩን ይመልከቱ። አጭርና ወፍራም ሆኖ፣ ጫፉ ቡናማ መስሎና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሥሮች አጥቶ ካገኙት ግምቴ ይጠናከራል። ወረዳው ውስጥ አፈር የሚመረምር ካለ በልማት ጣቢያ ሠራተኛዎ በኩል ናሙና ይላኩ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የጅማ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከቀዩ አፈር እያጠበ ወደ ታች ሲወስድ፣ አሉሚኒየምና ብረት እዚያው ይቀራሉ። አሉሚኒየም በጠጣርነቱ እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም፤ የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ (ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል)፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ ግን መሟሟት ይጀምርና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲዱ በ10 እጥፍ ይጨምራል፤ እያንዳንዱን አሉሚኒየም ከጠጣሩ ለማላቀቅ ሦስት የሃይድሮጅን አዮኖች (አፈሩን አሲዳማ የሚያደርጉት ቅንጣቶች) ስለሚያስፈልጉ፣ ነፃው አሉሚኒየም በስሌት እስከ 1000 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ማሳው ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት የከዳዎት የመሰለዎትም ስለዚህ ነው። የሰጡት ፎስፈረስም ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ወይን ጠጅ ቅጠሉ በቆሎው ፎስፈረስ እንደተራበ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳልወቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሰብሉ ሲከዳን ዩሪያ መጨመር ባህል ሆኖብናል። በዩሪያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በአፈር ተሕዋስያን ወደ ናይትሬት ሲለወጥ የሃይድሮጅን አዮን ይለቀቃል፤ ስለዚህ ኖራም አመድም ሳይሰጡ ዩሪያ ብቻ ማብዛት የኮመጠጠውን አፈር ይበልጥ ያኮመጥጠዋል። በሚቀጥለው ዘመን ከተለመደው መጠን አይለፉ።

ዘላቂው መድኃኒት የግብርና ኖራ ነው፤ ሆኖም በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚጠይቅና ማጓጓዣው ስለሚከብድ፣ እስኪያገኙት ድረስ ከምድጃዎ ይጀምሩ። የእንጨት አመድ አሲድን የሚያረክሱ የካልሲየምና የፖታሲየም ካርቦኔቶች አሉት። በዝናብ ሥር ከአጥር ጥግ የሚደፋው አመድ ግን ፖታሲየሙን ውኃ ይወስድበታል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ምስማሩንና ከሰሉን በወንፊት ለይተው፣ ውስጡ ላስቲክ ባለው የማዳበሪያ ከረጢት ከጣሪያ ሥር ያስቀምጡት። ላስቲክ፣ ባትሪ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበት አመድ አይግባበት።

አመዱን በማሳው ሁሉ አይበትኑት፤ ይሳሳል። መጋቢት መጨረሻ ላይ ወይም በሚያዝያ መጀመሪያ ዝናቡ አፈሩን ሲያርሰው፣ በቆሎ በሚዘሩበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያድርጉና በያንዳንዱ 40 ግራም ገደማ፣ ማለትም ግማሽ እፍኝ ያህል፣ ከአፈሩ ጋር በደንብ ያቀላቅሉት። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ከሰጡ አንድ ኩንታል አመድ ለ2500 ጉድጓድ፣ ይኸውም ለ560 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል። ዘሩን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዝሩ፤ አፈሩ ውስጥ ገና የገባ አመድ የነካው ዘር ይቃጠላልና።

በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ካለዎት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይጨምሩበት፤ አሉሚኒየሙን ይዞ መርዙን ይቀንሳል። በዚህ ላይ የንድፈ ሐሳብ ኬሚስትሪ ተመራማሪዎችና የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሁለት ወገን ሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹ በውኃ ውስጥ በስድስት የውኃ ሞለኪውሎች የተከበበው አሉሚኒየም እንደ ሲትሪክና ማሊክ ካሉ አሲዶች ጋር እንዴት እንደሚቆራኝ በኮምፒውተር ያሰላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ስንዴ ከሥሩ ጫፍ ማሊክ አሲድ የሚያስወጣበትን ጂን በ2004 እ.ኤ.አ. ለይተዋል። አሲድ የአሲድን ጉዳት መከላከሉ እንግዳ ቢመስልም፣ እነዚህ አሉሚኒየሙን አቅፈው ስለሚይዙት መርዙ ይቀንሳል። የበሰበሰ ነገርም በተመሳሳይ መንገድ ይይዘዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በጅማ ቀይ አፈር ላይ የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ፣ አየር በተገደበበት በ350 እና በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የከሰለ የቡና ገለፈትና የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ማለትም ባዮቻር፣ ምን እንደሚያደርግ መርምሯል። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ገለፈት ወደ ወንዝ ሲጣል ባየሁ ቁጥር ያ ጥናት ይታወሰኛል፤ ለእርስዎ ግን ለዘንድሮ አመዱ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ አመድና ማዳበሪያ በአንድ ጣሳ አያቀላቅሉ። ጥቂት የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከርጥብ አመድ ጋር ቢያሹ አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ሽታ ይወጣል፤ ያ ሽታ አሞኒያ ነው፣ በገንዘብ የገዙት ናይትሮጅን ወደ ሰማይ እየሄደ ማለት ነው። አመዱ በቅድሚያ፣ ማዳበሪያው በዘር ጊዜ ከዘሩ ጎን ይግባ። ጓሮው አይፈልግምና እዚያ አይጨምሩ።

ከማሳው ሦስት መስመር ያለ አመድ ይተዉ። በሰኔ መጨረሻ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ተክል ነቅለው ሥሩን በውኃ ያጥቡና ጎን ለጎን አጋድመው ያስተያዩ። ልዩነት ካላዩ ያንኑ ይጻፉልኝ፤ ያኔ ሌላ ምክንያት አብረን እንፈልጋለን።