በበርማ የዘመተው የቻይና ጦር ስንት ነበር? ለተጠየቀው ጥያቄ

ጠያቂያችን «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበርማ ጫካ የተዋጋው የቻይና ዘማች ጦር ብዛቱ ስንት ነበር? በእርግጥ ተዋግቷል ወይስ ለቁጥር ማሟያ ነበር?» ብለዋል። እኔ የመንገድ መሐንዲስ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ግን የዩናን ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኩንሚንግ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌም በተራራ ዳር መንገዶች መደርመስ ላይ ስለነበር ያ ጦር የተዋጋለትን መንገድ በአውቶቡስም በእግርም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ቻይና ውስጥ ማንንም ቢጠይቁ የሚነግርዎት 400 ሺህ የሚለውን ቁጥር ነው። ይህ ግን ከ1942 እስከ 1945 የተፈራረቁትን ሁሉ የደመረ እንጂ በአንድ ጊዜ የተሰለፈ ሠራዊት አይደለም። በአንድ ስም የሚጠሩት ጦሮች በእርግጥ ሦስት ናቸው። በ1942 የገባው፣ ሕንድ ውስጥ እንደገና የተደራጀው፣ በ1944 ከዩናን ተነስቶ የሳልዊን ወንዝን የተሻገረው። የሚያነቡት ሰው የትኛውን እንደሚቆጥር ካልነገረዎት ቁጥሩ ምንም አይነግርዎትም።

በ1942 የገቡት 5ኛው፣ 6ኛውና 66ኛው ጦር ናቸው፤ ባንድ ላይ ወደ 100 ሺህ ሰው። «ሦስት ጦር» ሲባል ብዙ ይመስላል። በቻይናውያን አደረጃጀት ግን አንዱ «ጦር» ሦስት ክፍለ ጦር የያዘ ሌሎቹ ኮር የሚሉት ነው፤ ክፍለ ጦሩም በሰውም በመድፍም ከእንግሊዙ ወይም ከአሜሪካው በጣም ያንሳል። ስለዚህ «ዘጠኝ ክፍለ ጦር ይዘው እንዴት ተሸነፉ?» የሚለው የተለመደ ክርክር ከመነሻው የተበላሸ ነው።

የሄዱትም ለመንገድ ሲሉ ነው። ጃፓን የቻይናን ወደቦች ስለዘጋች ከውጭ የሚመጣው መሣሪያና ነዳጅ በበርማ ራንጉን ወደብ ይራገፍና በባቡር ላሺዮ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ 1,150 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የተራራ መንገድ ኩንሚንግ ይገባል። ይህን መንገድ በ1937 እና በ1938 በእጃቸው የሠሩት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ ጎልማሶቹ ግንባር ስለነበሩ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ነበሩ። እኛ ዳምጠው የምንለው መኪና አልነበራቸውም። ከድንጋይ የተጠረበ ግዙፍ መንኰራኩር በገመድ እየጎተቱ ነበር ጠጠሩን የሚያስተኙት። አንዱን ቆሜ ለካሁት፤ ደረቴ ድረስ ይመጣል። ዳገት ላይ መጎተቱን እንኳን ልረዳው እችላለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ከእጅ ካመለጠ ግን ማን ያቆመዋል?

የመጀመሪያው ዘመቻ በሽንፈት አለቀ። በዳይ አንላን የሚመራው 200ኛው ክፍለ ጦር ቶውንጉ ላይ አሥር ቀን ያህል ጃፓኖችን ገትሮ ያዘ። በሚያዝያ ደግሞ በሱን ሊረን የሚመራው 38ኛ ክፍለ ጦር የነዳጅ ጉድጓዶች ባሉበት በየናንጃውንግ ተከብበው የነበሩ እንግሊዞችን አስጣለ፤ ዋናውን ሥራ የሠራው አንድ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሰው የነበረው አንድ ሬጅመንት ነበር። ሆኖም ጃፓኖች በምሥራቅ በኩል ዞረው ሚያዝያ 29 ላሺዮን ያዙ፤ የኋላው በር ተዘጋ። ሱን ሊረን ወደ ሕንድ አቀና፣ ጦሩም እንደ ጦር ወጣ። የ5ኛው ጦር አዛዥ ዱ ዩሚንግ ግን ወደ አገር ቤት እመለሳለሁ ብሎ የዝናቡ ወቅት ሲገባ ሰዎቹን ይዞ ቻይናውያን «የአውሬ ሰዎች ተራራ» ወደሚሉት ጫካ ገባ። እዚያ የፈጀው ረሃብ፣ ወባና አልቅት እንጂ ጥይት አልነበረም። ዳይ አንላንም ቆስሎ በማፈግፈጉ ላይ ሞተ። በዚያ ዓመት ከዘመተው ግማሹ እንኳን በሕይወት አገሩ አልገባም።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሕንድ የደረሱት ቢሃር ውስጥ ራምጋር በሚባል ሰፈር ተሰበሰቡ፤ በመጀመሪያ ወደ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ነበሩ። ከሕንድ በሂማላያ ጫፍ ላይ ዕቃ ጭነው ኩንሚንግ የሚያራግፉት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ባዶ ከሚመለሱ አዳዲስ ምልምሎችን እየጫኑ መለሱ። ጠግበው በሉ፣ ተከተቡ፣ አዲስ ጠመንጃና መድፍ ታጠቁ። ያው ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት በረሃብ ጫካ ውስጥ የወደቀው ወታደር በ1943 መጨረሻ ሰሜን በርማ ያለው ሁካውንግ ሸለቆ ገብቶ ሲንጋፖርን ከያዙት አንዱ የሆነውን የጃፓን 18ኛ ክፍለ ጦር እየገፋ ወሰደው። የተለወጠው ስንቅና ትጥቁ ነው። የቻይና ወታደር አይዋጋም ሲሉ የነበሩ የውጭ መኮንኖች ይህንን ለማየት ሁለት ዓመት ፈጀባቸው።

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። ግንቦት 17 ቀን 1944 የሰሜን በርማዋ ከተማ የሚትኪና አየር ማረፊያ ድንገት ቢያዝም፣ ከተማው ላይ ሁለት የቻይና ሻለቃዎች ጠላት ነው ብለው እርስ በርስ ተታኰሱ፤ ከተማው የተያዘው ነሐሴ 3 ነው።

እግረ መንገዴን፣ ለእኛ አንባቢ አንድ የሚታወቅ ስም እዚህ ብቅ ይላል። በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል የገባው ኦርድ ዊንጌት በ1944 በርማ ውስጥ ነው። ከጠላት መስመር ጀርባ ያሰፈራቸው ሰዎች የባቡር ሐዲዱን ቆርጠው የዚያኑ የ18ኛ ክፍለ ጦር ስንቅ አቋረጡ። እሱ ራሱ በመጋቢት በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሦስተኛው ጦር፣ በዌይ ሊኋንግ የሚመራው፣ ግንቦት 11 ቀን 1944 ሳልዊንን መሻገር ጀመረ፤ ለመጀመሪያው ማጥቃት የተሰለፈው ወደ 72 ሺህ ነበር። «የጫካ ጦርነት» የሚለው ስም እዚህ ያሳስታል። ጋኦሊጎንግ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በበጋ ልብስ የወጡ ወታደሮች በግንቦት በብርድ ሞተዋል። ሶንግሻን ደግሞ ስሙም «የጥድ ተራራ» ማለት ነው። ከላዩ ሲቆሙ መንገዱ ወንዙን ተሻግሮ በመጠማዘዝ ሲወጣ እንደ ክር ይታያል፤ አንድ መድፍ ይዞ የተቀመጠ ሰው ያንን ሁሉ ይዘጋል። ወደ 1,300 የሚሆኑ ጃፓኖች ተራራውን ቆፍረው ተቀምጠውበት ነበር። ቻይናውያኑ ከሰኔ 4 ጀምሮ ፊት ለፊት እየወጡ ረገፉ፤ በመጨረሻ ከሥር ዋሻ ቆፍረው ፈንጂ ሞሉበትና ነሐሴ 20 ጫፉን ወደ ላይ በተኑት። ያም ሆኖ ውጊያው እስከ መስከረም 7 ቀጠለ፤ የሞተውና የቆሰለው ከ7 ሺህ በላይ ነው። ጉድጓዶቹ ዛሬም አሉ፤ ሣር ለብሰዋል። የሄድኩት በነሐሴ ስለነበር ቀዩ ጭቃ ጫማዬን እንደ ሙጫ ይዞ ሁለት ጊዜ አንሸራቶ ጣለኝ፤ በእጄ የያዝኩት ግን የውኃ ጠርሙስ ብቻ ነበር።

ዩናን ውስጥ በተንግቾንግ ከተማ ያለው የዘማቾቹ መቃብር ኮረብታ ላይ ከጉልበት በታች የሆኑ ትንንሽ ድንጋዮች ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ስምና ማዕረግ ተጽፏል። አብሮኝ የነበረው የክፍል ጓደኛዬ እየተራመደ ሲያነብልኝ «ተራ ወታደር፣ ተራ ወታደር፣ አሥር አለቃ፣ ተራ ወታደር...» እያለ ቆየና ዝም አለ።

እንግዲህ ለቁጥር ማሟያ አልነበሩም። ሁለት ጠንካራ የጃፓን ክፍለ ጦሮችን፣ 18ኛውንና 56ኛውን፣ በሰሜን ጠምደው ይዘዋል፤ መንገዱንም ከፍተዋል። ከአሮጌው መንገድ ጋር በሚገናኘው አዲስ መንገድ ከሕንድ ሌዶ የተነሳው የመጀመሪያው የመኪና ቅፍለት በየካቲት 1945 ኩንሚንግ ገባ። እንደ መሐንዲስ ከጠየቁኝ ግን መንገዱ በጣም ዘግይቷል፤ በዚያን ጊዜ አውሮፕላኖቹ ከመንገዱ የሚበልጥ ጭነት እያደረሱ ነበር። ይህን በኩንሚንግ ስናገር አንድ መምህሬን አስከፍቻለሁ።

«ታዲያ ለምን ብዙ አልሰማንም?» ካሉ፣ ሁሉም የኩኦሚንታንግ፣ ማለትም ኋላ በኮሚኒስቶች ተሸንፎ ወደ ታይዋን የሸሸው ፓርቲ፣ ወታደሮች ስለነበሩ ነው። ዱ ዩሚንግ በ1949 በኮሚኒስቶች ተማረከ። ሱን ሊረን ከ1955 ጀምሮ ታይዋን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በቤቱ ታስሮ ኖረ። በሁለቱም ወገን ታሪኩን ከፍ አድርጎ የሚናገርለት አልነበረም።

ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይሂዱ። ከባኦሻን ሲነሱም አዲሱን ፈጣን መንገድ ትተው በአሮጌው በኩል ሳልዊን ላይ ወዳለው የሁዪቶንግ ድልድይ የሚወርድ መኪና ይፈልጉ፤ ሹፌሮቹ በጠማማነቱ አይወዱትም፣ ትንሽ ገንዘብ ይጨምሩላቸው።