የትኛውን ፕሮግራመር ልግዛ?

አምስት ኪሎም አራት ኪሎም አካባቢ ያላችሁ የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች፣ ስለ ዩኤስቢ ፕሮግራመር (ኮድ ከኮምፒውተር ወደ ቺፕ የሚጭን መሣሪያ) ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ቺፑን ወስን። እንደ አትሜጋ328ፒ ያለ የኤቪአር ቤተሰብ ቺፕ ከሆነ ዩኤስቢኤኤስፒ የሚባለው ፕሮግራመር ይበቃሃል። ርካሽ ነው፤ ኤቪአርዱድ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይሠራል። ለኤስቲኤም32 ቺፖች ኤስቲሊንክ፣ ለፒክ ቺፖች ደግሞ ፒክኪት የሚባለው ፕሮግራመር ያስፈልግሃል። የፒክ አምራቹ ማይክሮቺፕ እ.ኤ.አ. በ2016 የኤቪአር አምራቹን አትሜልን ስለገዛ ፒክኪት 4 ኤቪአርም ይጭናል። ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ፒክኪት 3 በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ይሻለኛል?

መልስ፦ እንደ 16ኤፍ877ኤ ባሉ የቆዩ የፒክ ቺፖች ከሆነ የምትሠሪው፣ ግዢው። አዳዲሶቹ የኤምፕላብ ኤክስ (የማይክሮቺፕ ሶፍትዌር) እትሞች ግን ፒክኪት 3ን ትተውታል። የቆየውን እትም አውርደሽ አስቀምጪ። ላፕቶፕሽንና ቺፕሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ሲያነብ ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ።

ጥያቄ፦ ሲኤች341ኤስ? ከሁሉም ይረክሳል።

መልስ፦ እሱ በዋናነት የሜሞሪ ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ ነው፤ ለዚህ ሥራ አትግዛው። በተለይ ጥቁሩን ተጠንቀቅ። ለቺፑ 3.3 ቮልት እየሰጠ የዳታ መስመሮቹ ግን 5 ቮልት ያወጣሉ። 5 ቮልት የማይችል ቺፕ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ የላፕቶፕሽ ባትሪ እስካለ ድረስ አዎ። ይህ የዩኤስቢ ትልቁ ጥቅም ነው። ነገር ግን የዩኤስቢ 2.0 ወደብ የሚሰጠው 5 ቮልት፣ ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር ነው። ሞተር ወይም ብዙ ሪሌይ ያለበትን ቦርድ ከፕሮግራመሩ አታብዪው። ለቦርዱ የራሱን ኃይል ስጪው፣ የፕሮግራመሩን 5 ቮልት ሽቦ ንቀዪ፣ ግራውንዱንና የዳታ ሽቦዎቹን ግን አገናኚ። ግራውንድ ካልተገናኘ ምንም አይጫንም። ብዙ ልጆች ሶፍትዌሩን ሲወቅሱ የሚያመሹት በዚህች አንዲት የግራውንድ ሽቦ ነው።

ጥያቄ፦ ብር የለኝም። ያለኝ አርዱይኖ ኡኖ ብቻ ነው።

መልስ፦ ፕሮግራመር አለህ ማለት ነው! «አርዱይኖአይኤስፒ» የሚለውን ስኬች (የአርዱይኖ ፕሮግራም) ጫንበት። የኡኖውን ፒን 11 ከቺፑ ሞሲ፣ 12ን ከሚሶ፣ 13ን ከኤስሲኬ፣ 10ን ከሪሴት እግር ጋር አገናኝ። ስኬቹን ከጫንክ በኋላ በኡኖው ሪሴትና ግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርግ፤ ነጌቲቩ ወደ ግራውንድ።

ጥያቄ፦ ለኢኤስፒ32 ቦርድስ?

መልስ፦ የዩኤስቢ ገመድ ብቻ። ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን፤ የቻርጅ ብቻው አይሠራም።

ጥያቄ፦ የአትሜጋዬን ፊውዝ ቢት (የቺፑ መሠረታዊ ቅንብር) ቀየርኩ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለኝ። ሞተ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይሞትም። የውጭ ክሪስታል (የሰዓት ምት የሚሰጥ ክፍል) እንዲጠብቅ አድርገኸው ከሆነ ክሪስታል አገናኝለት፣ ይነሳል። ሪሴቱን ዘግተህበት ከሆነ ግን በ12 ቮልት ነው የሚመለሰው። ዩኤስቢኤኤስፒ ይህን አይችልም፤ ቲኤል866 የሚባለው ፕሮግራመር ይችላል። ለአንድ ቺፕ ብለህ እሱን አትግዛ። ያለውን ሰው ፈልግና አስነሳበት።