ለአንዲት ጠያቂና ለእኩዮቿ

ውድ ልጆቼ፣

አንዲት የጅማ ተማሪ «ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የሚያየውን የሰማይ ዳራ ብርሃን ኮምፒውተር እያሰላልኝ እኔ ለምን ልገምተው?» ብላ ጻፈችልኝ። የሰማይ ዳራ የምንለው ከምንመለከተው ኮከብ ብርሃን ጋር ተደባልቆ ከሰማዩ የሚመጣውን ብርሃን ነው። በሁለት መስመር ልመልስላት ተቀመጥሁ፤ ነገር ግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ትዝ አለኝና ደብዳቤው ረዘመ።

የሊሙ ልጅ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ፣ የከተማው መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ጅሬን ላይ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆመን ነበር። ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ በኩል ከአድማስ ሽቅብ የተዘረጋ ሐመር ብርሃን አየን። ላብራራለት ስል ቀደመኝ። «አያቴ በረመዳን ይህን እያሳየኝ፣ ‹ሐሰተኛው ጎህ ነው፤ ሱሁርህን ብላ› ይለኝ ነበር» አለ። በፕላኔቶች መካከል የተበተነ አቧራ የሚመልሰው የፀሐይ ብርሃን መሆኑን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «አቧራውን ፀሐይ ካሞቀችው፣ ሙቀቱስ ወዴት ይሄዳል?» አለኝ። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ አልሰማሁም።

ሙቀቱ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ብርሃን፣ ሆኖ ይወጣል። እስከ 3.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ባለው የሞገድ ርዝመት የሚያይለው አቧራው የሚበትነው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ከዚያ ወዲያ አቧራው ራሱ ያበራል። በምድር አካባቢ ያለው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ባለው ክልል ሰማዩን ያጥለቀልቀዋል። ጄምስ ዌብ ከእኛ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ቢርቅም ከዚህ አቧራ አላመለጠም።

ልጁ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጠቀው ኮቤ ሳተላይት የለካውን የሰማይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ካርታ ይዞ፣ የአንድ ኮከብ ዳራ በዓመቱ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ መንደፍ ጀመረ። ሳይጨርሰው አባቱ ታመሙ፤ ቡናውም የሚለቅመው አጣ። ሊሙ ሄዶ በዚያው ቀረ። በቡናው ቤተሰቡን አኑሯል፤ ታናናሾቹንም አስተምሯል። ይህን እያወቅሁም ይቆጨኛል። በትምህርቱ የሚያቆየው ድጎማ በእጃችን አልነበረም።

እናንተ ፕሮግራም በመጻፍ እጅግ ትበልጡናላችሁ፤ ቁጥር ሲመጣላችሁ ግን ከየት መጣ አትሉም። በኮምፒውተር አስሉ፤ በእጅ ማስላት ጊዜ ማባከን ነው። ይህን ብዬም፣ አንድ ጊዜ እንደዚያ ልጅ በእጃችሁ ንደፉት እላለሁ፤ ቀኑ ምን ያህል እንደሚለውጠው የሚገባችሁ ያኔ ነው። ዌብ ከፀሐይ ከ85 እስከ 135 ዲግሪ ያለውን ሰማይ ብቻ ስለሚመለከት፣ ፕላኔቶች በሚዞሩበት ጠለል ላይ ያለን ኮከብ የሚያየው በዓመት በሁለት ወቅቶች ነው፤ በእነዚያ ሳምንታትም አቧራውን አቋርጦ የሚያይበት ማዕዘን ስለሚለዋወጥ ዳራው ከፍ ዝቅ ይላል። ኢላማችሁ ደብዛዛ ከሆነ፣ ዳራው እጥፍ በሆነበት ቀን ያንኑ ጥራት ለማግኘት የምልከታው ጊዜም እጥፍ ይሆናል። ከ15 ማይክሮን በላይ ግን የቴሌስኮፑ የራሱ ሙቀት እያየለ ስለሚሄድ ቀን መምረጥ ያን ያህል አይጠቅምም።

ጠያቂዬ፣ በላክሽልኝ ስሌት ላይ የሰማዩን አቅጣጫና የሞገዱን ርዝመት ጽፈሻል፤ ቀን ግን የለውም። ቀኑን ጨምረሽ መልሰሽ ላኪልኝ።