የኩራዝና የመስኮት ብርሃን

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አጠገብ አያቴ ይኖሩበት የነበረ የጭቃ ቤት አለ። እህቴን የአያቴን ጥልፍ ቀሚስ አልብሼ፣ ኩራዝ አብርቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳትና ትዝታ የሚቀሰቅስ ፎቶ ለማንሳት ሞከርኩ። ኩራዙ ነጭ ነጥብ ሆኖ ወጣ፣ ፊቷ ጠቆረ። በኋላ በስልኬ ቢጫ ሳደርገው ደግሞ የሰርግ አልበም መሰለ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሰዓቱ ላይ። ቀን ከሆነ የመስኮቱ ብርሃን ኩራዙን ይውጠዋል፤ ጨርሶ ከመሸ ደግሞ መስኮቱ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ሁለቱ የሚመጣጠኑት ፀሐይ ከገባች በኋላ ባሉት 20 ያህል ደቂቃዎች ነው። በእኛ አገር ጨለማው ይቸኩላል፤ ስለዚህ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ይጠብቅ።

ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ለካሜራው አይተዉለት። 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ላይ ያስሩት፤ መስኮቱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ኩራዙ (1900 አካባቢ ነው) ብርቱካናማ እንደሆነ ይቀራል። ናፍቆቱ ያለው በእነዚህ ሁለት ቀለሞች መራራቅ ውስጥ ነው። በስልክዎ የደፉበት ቢጫ ግን ሁለቱንም አንድ አደረጋቸው።

ነበልባሉ ነጭ ነጥብ እንዳይሆን፣ ካሜራው እንዳያየው ከማሰሮ ጀርባ ይደብቁት። ፊቷ የጠቆረው ኩራዙ ስለራቀ ነው፤ ከ1 ሜትር ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ሲያስጠጉት የሚያርፍባት ብርሃን 4 እጥፍ ይሆናል። (ነጠላዋን ይጠብቁ፣ የላምባውንም ጠርሙስ ከቤት ያውጡ።) መነሻው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/8 ሰከንድ ይሁን። በዚህ ፍጥነት በእጅ ይዞ ማንሳት አይሞከርም፤ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ከሌለ በርጩማ ላይ የጤፍ ቋጠሮ አድርገው ካሜራውን ቀበር ያድርጉበት፣ በ2 ሰከንድ ታይመር ያንሱ። በስልክ ከሆነ ፊቷ ላይ ተጭነው ፎከሱን ይቆልፉና ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ። ናይት ሞድ ይጥፋ፤ ጥላውን ሁሉ አፍክቶ ያበላሻል።

ቀሚሱን አይተኩሱት፤ ከሳጥን ይዞት የወጣው የእጥፋት መስመር ከጥልፉ ይበልጥ ይናገራል። የነጠላዋ ጥለት ወደ አንገቷ ከዞረ ልቅሶ ነው፣ ተመልካቹ ወዲያው «ማን ሞተባት?» ይላል። ግድግዳው ላይ ለዓመታት የተሰቀለ ፎቶ ካለ ያውርዱት፤ ጥቀርሻ ያልነካው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ይቀራል፣ እሱ ከትከሻዋ በላይ ይታይ። ቢጫውን ጀሪካን ግን ያውጡልን።

«እዘኚ» አይበሏት። ምስር ትልቀም፤ እጇ ቆም ሲል ያንሷት።