ዶግዉድ በጅማ ይበቅላል፤ አበባውን ግን አትጠብቂ

እህቴ፣ ከአሜሪካዋ ቨርጂኒያ የተላከልሽን የዶግዉድ፣ የዚያ ነጭ የሚያብብ ትንሽ ዛፍ፣ ፍሬ እዚህ ጅማ ጓሮሽ ውስጥ ብትዘሪው ያብብልሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ሞክሬዋለሁና የሆነውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ፍሬውን እንዲሁ አፈር ውስጥ ቀበርኩት። ወራት አለፉ፤ አንድም አልበቀለም። ለካ ዘሩ ረጅም ብርድ ካላገኘ አይነቃም። በዓመቱ የፍሬውን ሥጋ አጥቤ አስወግጄ፣ ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ፍሪጅ ውስጥ 4 ወር አቆየሁት፤ በረዶ በሚሠራው ክፍል ግን አይደለም። ጥቂቶቹ በቀሉ፤ ደስታዬን አልረሳውም።

አፈራችን ይስማማዋል። በአገሩ የሚኖረው ልክ እንደ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ኮምጣጣ አፈር ይወዳል፤ ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ድርቀት አይችልም። ስለዚህ ግርጌውን በደረቀ ቅጠል አልብሼ በበጋ አጠጣሁት። ቅጠሉ እንደ ቡና ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። የበቀለልሽ ዶግዉድ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ቅጠል አግድም ቀስ ብለሽ ቅደጂ፦ ሁለቱ ግማሾች በቀጫጭን ነጭ ክሮች ተያይዘው ይንጠለጠላሉ። ልጆቼ ይህን ማየት አይሰለቻቸውም ነበር።

በ6 ዓመት ትከሻዬ ደረሰ፤ አንድም አበባ ግን አላሳየኝም። የጎደለው የፈረንጆቹ ክረምት ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ በውርጭ ወራት ካልተኛ ለአበባ አይነሣም፤ ጅማ ደግሞ ያንን ብርድ አታውቅም። በዶግዉድ አበባ ፎቶ ላይ ያማሩሽ አራቱ ነጫጮች መልካበባ፣ ማለትም የአበባው ባለቀለም ክፍል፣ እንኳ አይደሉም፤ መልካቸውን የለወጡ ቅጠሎች ናቸው። እውነተኞቹ አበቦች መሃል ላይ የተሰበሰቡት ደቃቃ ቢጫማ አረንጓዴዎች ናቸው። ቀዩን ፍሬም ልጆች እንዳይበሉት፤ የወፍ ምግብ ነው። ፍሬያቸው የሚበላ ዶግዉዶች ሌሎች ዝርያዎች ናቸው፤ የአንዱ አበባ ቢጫ ነው።

ነጭ አበባ ደጅሽ ላይ ማየት ከሆነ ምኞትሽ፣ ዋንዛ ትከዪ፤ እዚህ ብዙዎቻችን ወደሳ የምንለውን። እኔ ከዶግዉዱ አጠገብ የተከልኩት ዛሬ ከቤቴ ጣሪያ በላይ ነው። ሲያብብ በንብ ይሸፈናል፤ የሚያጣብቀውን ቢጫ ፍሬ ልጆች ይለቅሙታል፤ የሚረግፈው ቅጠል ቡናዬን ያዳብራል። ችግኙን ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጸና ትከዪው፤ ቅርንጫፉ ሰፊ ስለሆነ ከግድግዳ አርቂው።