ጥያቄና መልስ፦ ዊንዶውስ 10 ከቆመ በኋላ ወዴት ልሂድ?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ቀበሌ 14 የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ያለችኝ ላፕቶፕ አንዲት ስትሆን፣ ራሟ 4 ጊጋባይት ሆኖ የምትሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። ድጋፉ እንደ ቆመ የሚገልጽ መልእክት በየጊዜው ይመጣብኛል፤ ወደ ዊንዶውስ 11 ላሳድጋት ስሞክር ደግሞ መስፈርቱን አታሟላም ይለኛል። አንድ የጥገና ባለሙያ «ፎርማት አድርጌ ሊነክስ ልጫንልሽ» ብሎኛል። ከመተየብና ከማተም ያለፈ ዕውቀት ስለሌለኝ ይከብደኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።
ደንበኛችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደረሰዎት መልእክት እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፕዎ በዚህ ምክንያት ሥራ አያቆምም፤ ሆኖም አዲስ የሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶች ስለማይደፈኑ፣ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ ለሚሰካበት እንደ እርስዎ ላለ ቤት ነገሩ ችላ የሚባል አይደለም። ራሟ አንሶ ነው ብለውም አይዘኑ፤ ዊንዶውስ 11 በትንሹ የሚጠይቀው ያንኑ 4 ጊጋባይት ነው። አብዛኞቹን የቆዩ ኮምፒውተሮች የሚያስቀራቸው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ወይም የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ነው።

አጠቃቀሙ ይከብድ እንደሆነ ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት ቅለት የሚባለው ነገር አብዛኛው ልማድ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ዊንዶውስ 8 ላይ የስታርትን ቁልፍ ከቦታው ባነሣ ጊዜ፣ ለዓመታት ኮምፒውተር ላይ የሠሩ ሰዎች ማጥፊያው የት እንዳለ ሲፈልጉ ይታዩ ነበር፤ ቁልፉም በዓመቱ ተመለሰ። ከሊነክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው፣ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውና በነጻ የሚገኘው ሊነክስ ሚንት ሜኑውን በለመዱት በግራ ግርጌ ስለሚያስቀምጠው፣ ፋይል መክፈትም ሆነ ማስቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅዎ ይገባል። ለእርስዎ ላፕቶፕም አይከብዳትም።

የእርስዎ እንጀራ የተንጠለጠለው ግን በፊደሉ ላይ ስለሆነ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚያ ላይ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው የዓለም የጋራ መለያ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ከመግባቱ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ በእነዚህ የተተየበ ጽሑፍም ዛሬ ድረስ በየጽሕፈት ቤቱ ሞልቷል። በፔዳ አካባቢ በአንድ የጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጸሐፊዋ ከዓመታት በፊት የተተየበ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ሊነክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ከፈተች፤ ገጹ ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ፊደላትና በምልክቶች ተሞልቶ ወጣ። ቫይረስ የበላው መስሏት ልትሰርዘው ስትል ፎንቱ ከአሮጌው ኮምፒውተር ተቀድቶ ተጫነ፤ «አንቀጽ አንድ» ከነቁጥሩ ተመልሶ ታየ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነበር።

አተያየቡም ይለያል። ሊነክስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ነገር ግን «ጠ»ን ወይም «ጨ»ን የሚያወጡበት ቁልፍ ከለመዱት ሊለይ ይችላል። በዊንዶውስ የሚተይቡበት ሶፍትዌር እዚያ ላይሠራ እንደሚችልም ይወቁ። ቁልፎቹን ሳያይ ለሚተይብ ሰው ይህ ከማንኛውም የሜኑ ለውጥ የባሰ ሥራ ያስፈታል። በዎርድ የተዘጋጁ ጽሑፎችን በሊነክስ ላይ የዎርድን ሥራ የሚሠራው ሊብሬ ኦፊስ ይከፍታቸዋል፤ ሰንጠረዦችና ባለጌጥ ጥሪዎች ግን አንዳንዴ ከመስመራቸው ይሸሻሉ።

ስለዚህ ባለሙያው አሁኑኑ ፎርማት እንዲያደርግ አልመክርም። ሊነክስ ሚንት በላፕቶፕዎ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ተነሥቶ ይሠራል፤ ባለሙያው ፍላሹን ያዘጋጅልዎና እሑድ ከሰዓት፣ ደንበኛ በማይበዛበት ጊዜ፣ ራስዎ ይሞክሩት። በሙከራው ጊዜ የተየቡት ነገር ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እንዳይጠፋብዎት በሌላ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት። ፕሪንተሩንም ከማተም አልፈው ስካን በማድረግ ይፈትኑት፤ አንዳንዱ እያተመ ስካን ማድረግ እምቢ ይላል። ካልተስማማዎት፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቶ ስለነበር፣ ጊዜው ገና ካላለፈ እሱን ለማስመዝገብ ባለሙያውን ይጠይቁት።

ለሙከራው አንድ የቆየ የዕድር ደንብ፣ አንድ የሠርግ ጥሪና ሰንጠረዥ ያለበት አንድ ደብዳቤ አስቀድመው ያዘጋጁ። ሦስቱም በወረቀት ላይ ልክ ሆነው ሳይወጡ፣ ፋይሎችዎም በሌላ ቦታ ሳይገለበጡ ላፕቶፕዎን አሳልፈው አይስጡ።