ቆሞ የሚጮኸው አልፌታ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። አባቴ ትቶልኝ ያለፈ አንድ አልፋ ሮሚዮ አልፌታ ጂቲቪ አለኝ። የ1978 እ.ኤ.አ. ምርት ነው፤ ሞተሩ 2,000 ሲሲ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከወንበሬ ሥር እንደ ንብ ቀፎ “ዝዝዝ” የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ሞተሩ በደቂቃ 2,600 ዙር ላይ ሲደርስ ይጀምራል። 3,200 አካባቢ ወለሉንና የማርሹን እጀታ ያንቀጠቅጣል፤ ከዚያ ይቀንሳል። የገረመኝ ቆሜ ነዳጅ ስሰጥም ይጮኻል። ፍሪሲዮን ብረግጥም አይጠፋም። ስነሳ ደግሞ “ጓ” ይላል። አንዱ መካኒክ የሞተር መቀመጫ ጎማ ነው ብሎ ሁለቱንም ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ሌላው ፍሪሲዮን እንቀይር እያለኝ ነው። “ዘንጉ ይሆን እንዴ?” ስለው “መኪናው ቆሞ ዘንግ ምን ሊጮህ!” አለኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የእህቴ ሰርግ አዲስ አበባ ነው። በዚችው መኪና ላጅባት ቃል ገብቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

የአባቱ ልጅ፣ ከአዳማ

መልስ፦

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማርልን። ፍሪሲዮኑን ገና አታስከፍት። መጀመሪያ ዘንጉ፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ረጅም ብረት፣ ይታይ።

መካኒክህ ያለው በኋላ ጎማው ለሚነዳው ለድሮው ኮሮላ ልክ ነው፤ ለቆዩት ፒካፖችም እንዲሁ። በነሱ ላይ ከሞተሩ ቀጥሎ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ካምቢዮ (የማርሹ ሳጥን)፣ ከዚያ ዘንጉ፣ መጨረሻ ላይ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻሉ ይመጣል። መኪናው ከቆመ ዘንጉም ይቆማል። ያንተ መኪና ግን አሠራሩ ሌላ ነው። አልፌታ ላይ ፍሪሲዮኑም ካምቢዮውም ኋላ ከዲፈረንሻሉ ጋር አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ዘንጉ የታሰረው በቀጥታ ከሞተሩ ነው። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዘንጉም ይዞራል፤ ማርሽ አስገባህ አላስገባህ፣ ፍሪሲዮን ረገጥህ አልረገጥህ። በ3,000 ዙር በሴኮንድ 50 ጊዜ ማለት ነው፤ አንተ ጊቢህ ውስጥ ቆመህ።

እንዲህ የሠሩት ክብደቱን ከፊትና ከኋላ ለማመጣጠን ነው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። አልፌታ የሚባለው የውድድር መኪና ነበር፤ አርጀንቲናዊው ተወዳዳሪ ፋንጂዮ በ1951 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት። የሱም ካምቢዮ ኋላ ነበር። መንገድ ላይ የሚነዳው አልፌታ በ1972 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ስሙንም አሠራሩንም ከዚያ ወረሰ። ኩርባ ላይ ለምን እንደዚያ እንደምትታዘዝልህ አሁን ይገባሃል።

ይህን እኔም የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ወጣት መካኒክ ሳለሁ አንድ ነጭ አልፌታ ልክ እንዳንተው እየጮኸ መጣልኝ። ፍሪሲዮን ነው ብዬ ከፈትኩ፣ ዲስኩን ቀየርኩ፣ ዘጋሁ። ሞተሩን ስናስነሳ ያው ድምፅ። ሰውዬው ምንም ሳይለኝ ከፍሎኝ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በሳምንቱ ራሴ ጠርቼው መለስኩት። መኪናውን በአራት ጠንካራ መቆሚያ ላይ አስቀምጬ፣ ልጁ ነዳጅ እየሰጠ፣ እኔ ከጎን ሆኜ በባትሪ አየሁ። ጎማዎቹ ፀጥ ብለዋል፤ ዘንጉ ግን ይበራል። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፁ ምንን ተከትሎ እንደሚመጣ ሳላውቅ ብሎን አልፈታም።

አንተም ያንን አረጋግጥ። ጠዋት ባጃጁ ሳይበዛ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ውጣ። በ2ኛ ማርሽ 2,900 ዙር ያዝ። ከዚያ በ3ኛ ማርሽ ያንኑ 2,900 ያዝ። ፍጥነትህ ይለያያል። ድምፁ ያው ከሆነ የሚከተለው ሞተሩንና ዘንጉን ነው። የጎማ ኩሽኔታ ወይም ዲፈረንሻል ቢሆን ከፍጥነቱ ጋር ይለዋወጥ ነበር። ፍሪሲዮን ስትረግጥ አለመጥፋቱ ደግሞ ካምቢዮውን ነፃ ያወጣዋል። ፍሪሲዮኑን ጨርሶ ነፃ ነው አልልም፤ ክዳኑ ከዘንጉ ጋር ስለሚዞር ሚዛን ከሳተ እሱም ያንቀጠቅጣል። ግን ያ “ጓ” የሚለው ወደ ሌላ ያመለክተኛል።

ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ነው። በሦስት ቦታ፣ ከፊት፣ ከመሀልና ከኋላ፣ በወፍራም ክብ ጎማ ይያያዛል። እያንዳንዱ ጎማ በስድስት ብሎን ይታሰራል፤ ሦስቱ ወደ አንዱ ጎን፣ ሦስቱ ወደ ሌላው። መሀል ላይ ዘንጉን የሚሸከም ኩሽኔታ አለ፤ እሱም በጎማ የታቀፈ ነው። የአዳማን ሙቀት ታውቀዋለህ። ጎማ በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል፣ በብሎኖቹ መሀል ይሰነጠቃል። ከሞተሩ ኋላ ዘይት ከተንጠባጠበበት ደግሞ ይልሰለሳል። ያኔ ዘንጉ ከመሀሉ ይወጣል፤ የሆነ ዙር ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ሲያልፍ ይረጋል። ስትነሳ የምትሰማው “ጓ” የላላው ጎማ ሲወጠር ነው ብዬ እገምታለሁ።

ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ መኪናው መቆሚያ ላይ ሆኖ (በክሪክ ብቻ በፍጹም እንዳትገባ) ሦስቱንም የዘንጉን ጎማ በባትሪ እየው። ዘንጉን በእጅህ አዙር፤ ስንጥቁ በየብሎኑ አጠገብ ነው የሚደበቀው። መሀሉን ኩሽኔታ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። የሞተር መቀመጫውን የቀየረልህ ሰው አቀማመጡን አጣሞትም ሊሆን ስለሚችል እሱንም አይተህ እለፍ።

የተሰነጠቀው አንድ ብቻ ቢሆንም ሦስቱንም ከነኩሽኔታው ቀይር። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ወርዶ ዘንጉ ከወጣ በኋላ ለአንድ ጎማ ብቻ ይህን ሁሉ መድከም አይገባም። ከመፍታትህ በፊት እያንዳንዱን መጋጠሚያ በቀለም ምልክት አድርግ፤ ዘንጉ ባላንስ የተደረገው እንደዚያው እንደተያያዘ ነው። አዲሱ ጎማ ዙሪያውን በብረት ቀበቶ ታስሮ ከመጣ ብሎኖቹ ሁሉ እስኪገቡ አትቁረጠው፤ ገብተው ከጠበቁ በኋላ ግን አውጣው። ስታጠብቅ ዳዶውን አዙር፣ ብሎኑን ያዘው። ብሎኑ ከዞረ የጎማውን ውስጥ ይጠመዝዘዋል፤ አዲሱም ዓመት አይሞላው። ዳዶዎቹም አዲስ ይሁኑ።

ዕቃው ሶማሌ ተራ ገብተህ በአንድ ቀን ይዘህ የምትወጣው ዓይነት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ አስልክ፤ የተመረተበትን ዓመትም አስጠይቅ። መደርደሪያ ላይ 20 ዓመት የተቀመጠ ጎማ ካንተው አሮጌ አይሻልም። ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጠን እንሥራልህ የሚሉህ ይኖራሉ። እባክህን እሺ አትበል። ያ ዘንግ የሚያልፈው በሁለቱ ወንበሮች መሀል ነው፤ በ5,000 ዙር ከተበጠሰ ጎንህ ነው ያለው።

ስለ ሰርጉ፦ ዕቃው ደርሶ ከተገጠመ በኋላ ወንጂ ደርሰህ ተመለስ፤ ብሎኖቹ መጥበቃቸውን እንደገና እይ። ከዚያ በፈጣኑ መንገድ ሞጆ ድረስ ሞክራት። ፀጥ ካለች እህትህን አጅባት። ካልደረሰ ግን እንዲህ እየጮኸች አዲስ አበባ አትውሰዳት። ሙሽራዋ በሌላ መኪና ትሂድ፤ ለመልሱ ትደርሳለህ።